ማን ሞቶ ነው ድንኳን የምትተክለው?

«ድንኳን?» አለች እናቴ በስልክ።

«አዎ፣ ድንኳን። ባሕር ዳርቻ ላይ ሁለት ሌሊት ልናድር ነው፤ ከልጆቹ ጋር።»

«ቤታችሁ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም።»

«ሆቴል የለም እዚያ አገር?»

«ሞልቷል።»

«ታዲያ ማን ሞቶ ነው ድንኳን የምትተክለው?»

እኔ ሳቅሁ፣ እሷ አልሳቀችም። ጉለሌ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ የምር ጥያቄ ነው። በእኛ ሰፈር ድንኳን የሚተከለው ወይ ለሰርግ ወይ ለለቅሶ ነው። ጠዋት ከቤት ስትወጣ የእድሩ ድንኳን መንገዱን ዘግቶ ካገኘኸው፣ የቱ እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ የምታየው የሰዎቹን ፊት ነው። እኔም በዕድሜዬ ድንኳን ውስጥ ያደርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ አያቴ ያረፈ ጊዜ። ካርታ ሲጫወቱ የሚያድሩ ጎረምሶች አጠገብ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ የአባቴን ጋቢ ተከናንቤ። የእርጥብ ሸራውና የጭሱ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ለቅሶውን ረስቼ እንዴት ደስ ብሎኝ እንደተኛሁ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

«ደግሞ ውሃ አጠገብ» አለች እናቴ። «በሌሊት፣ ከሕፃን ጋር። ተው ልጄ፣ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።»

ይህን አባባል ስሰማው አድጌያለሁ። ክረምት ሲገባ፣ ከሰፈራችን ሥር የሚያልፈው ወንዝ ሞልቶ ቡናማ ሆኖ ሲጮህ፣ እናቶች ሁሉ በሩ ላይ ቆመው የሚሉት ነው። ወንዝ ውስጥ ቆሪጥ አለ ከሚለው ማስፈራሪያ ጋር አንድ ላይ ጠቅልዬ፣ ልጅ ከውሃ ለማራቅ የተፈጠረ ወሬ ነው ብዬ ካስቀመጥኩት ቆይቷል። «እሺ እማዬ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ሐሳቡ የትልቋ ልጄ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት «የእረፍት ጊዜያችሁን እንዴት አሳለፋችሁ» ተብለው ሲጽፉ የክፍሉ ግማሽ ድንኳን ውስጥ ስለማደር ጻፈ፤ እሷ የአክስቷን ልጅ ክርስትና ጻፈች። ጥሩ ጽሑፍ ነበር፣ ዶሮው ሳይቀር አለበት። እሷ ግን አፍራበት ነው ቤት የመጣችው። ትንሹ አምስት ዓመቱ ነው፤ እሱ እህቱ የፈለገችውን ሁሉ ይፈልጋል። የቀረችው ባለቤቴ ነበረች። ነርስ ናት፣ የሌሊት ሠራተኛ። «ሰው ሌሊት አልጋ ላይ ሲተኛ በቅናት የማይ ሴት ነኝ፤ የእረፍቴን ሁለት ሌሊት ደግሞ መሬት ላይ ልታስተኛኝ?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ልጆቹ ለመኗት።

እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው የሚኖር አበሻ ባሕር ሲያምረው የሚሄደው የባሕር ዳርቻ ከተማዋ ኦሽን ሲቲ ነው። ጠዋት ይሄዳል፣ ሥጋውን ይጠብሳል፣ ሱሪውን ሰብስቦ እግሩን ይነክራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ማታ ይመለሳል። እኔም ለዓመታት እንደዚያው ነበርኩ። ከኦሽን ሲቲ በስተደቡብ ግን በአንዲት ጠባብ የውሃ በር ብቻ የተለየ አሳቲግ የሚባል ደሴት አለ። ቀጭን የአሸዋ መቀነት በሉት፤ ርዝመቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሰሜኑ ሜሪላንድ፣ ደቡቡ ቨርጂኒያ። በአንድ በኩል አትላንቲክ፣ በሌላው በኩል ረግረግና ጨዋማ ሐይቅ የመሰለ የባሕር ወሽመጥ። ሆቴል የለበትም፣ ምግብ ቤት የለበትም። ድንኳን መትከያ ቦታ፣ ጉድጓድ ሽንት ቤት፣ ቀዝቃዛ ሻወርና ዱር ያደጉ ፈረሶች አሉበት። ቦታው የሚያዘው በኢንተርኔት ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ነው። እኔ በጥር የጁላይን ቅዳሜ ስፈልግ እንደ በዓል ዶሮ ተሻምተውበት ጠበቀኝ፤ ሐሙስና ዓርብ ሌሊት አገኘሁ።

መንገዱ ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ ውስጥ የማይረሳው የቼሳፒክ ድልድይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተ፣ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ መሐሉ ላይ ሲደርስ መርከብ ከሥሩ እንዲያልፍ ወደ ሰማይ የሚወጣ ድልድይ። ባለቤቴ ዓይኗን ጨፍና የማርያምን ስም ትጠራለች፤ ልጆቹ ይጮሃሉ፤ እኔ መሪውን አንቄ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላይም። ውሃ አልወድም። ዋና የተማርኩት በ34 ዓመቴ፣ በሕዝብ መዋኛ ገንዳ፣ ጎኔ ባለው መስመር የስድስት ዓመት ልጆች እየሳቁብኝ ነው። ገንዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እሻገራለሁ። ከዚያ በላይ ራሴን አላምንም።

ደሴቱ ስለምን ባዶ እንደሆነ ያወቅሁት እዚያ ከሄድን በኋላ ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ታሪኩን በደንብ ይረዳዋል። በ1950ዎቹ ባለሀብቶች ደሴቱን ሸነሸኑት፣ በሺዎች የሚቆጠር ቦታ ካርታ አውጥተው ሸጡ፣ አስፋልት ዘርግተው ባልቲሞር ቡልቫርድ ብለው ሰየሙት። በማርች 1962 የመጣ ማዕበል በአምስት ተከታታይ የባሕር ሙላት ደሴቱን አጥቦ፣ መንገዱን ቀዶ፣ የነበሩትን ቤቶች አፍርሶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ማን ይገንባ? በ1965 ኮንግረስ ብሔራዊ የባሕር ዳርቻ አደረገው። የዚያ አስፋልት ቁራጭ እስካሁን በአሸዋ ክምሮቹ መሐል በሚያልፈው የእግር መንገድ ላይ ይታያል፤ ልጄ ቆማበት «መንገዱ ወዴት ነው የሚሄደው?» ብላ ጠይቃኛለች። ከኦሽን ሲቲ የሚለየው የውሃ በርም ቢሆን ጥንት አልነበረም፤ በ1933 የመጣ አውሎ ነፋስ ነው የቆረጠው። በሩ እንዳይደፈን ድንጋይ ተከምሮ ሲጠበቅ፣ ከሰሜን እየመጣ ደሴቱን ይመግበው የነበረው አሸዋ እዚያው ቀረ፤ የአሳቲግ ሰሜን ጫፍም ወደ ምዕራብ እየሸሸ ነው። ይህን ስነግረው ትንሹ ልጄ «ደሴቱ ይሄዳል?» አለና ማታ ከድንኳኑ በር ሆኖ ወደ ውጭ ሲያይ አመሸ፤ ቦታችንን እየጠበቀ።

አሁን ወደ ውሃው።

የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሞገዱ ከፍ ብሎ ነበር። ትልቋን ደረቷ ላይ እየመታ ይጥላታል፣ እሷ ትስቃለች፤ ትንሹ ፈርቶ እግሬን አቅፎ ቆመ። ዘወር ብዬ ባሕሩን አየሁት። ከእኛ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቆ፣ በሁለት የነጭ አረፋ መስመሮች መሐል፣ ሞገድ የማይሰበርበት ቦታ አለ። ውሃው ጠቆር ያለ፣ ገጹ ለስላሳ፣ እንደ ኩሬ ዝም ያለ። ሰው የለበትም። ብልህ ነኝና ሁለቱንም ልጆች በእጄ ይዤ ወደዚያ ወሰድኳቸው። ይህን ሁሉ ሰው ያላየውን ለልጅ የሚመች ቦታ እኔ አገኘሁ ብዬ እኮ ነው!

ለእኔ ከጉልበት አይበልጥም፤ ለትንሹ ወገቡ ነው። ጥቂት እንደቆምን ከተረከዜ ሥር አሸዋው እየሸሸ መሄድ ጀመረ። ከዚያ ውሃው ወደተሳሳተው አቅጣጫ እየሄደ መሆኑ ታወቀኝ፤ ወደ እኛ ሳይሆን ከእኛ ወደ ባሕሩ። የትንሹ እግር ከመሬት ተነሳ። እጁን ይዤዋለሁ፣ ሰውነቱ ግን ውሃው ላይ ተዘርግቶ ወደ ጥልቁ ይሳባል።

«አባዬ፣ እየበረርኩ ነው!» አለ። ይስቅ ነበር። ከልቡ ይስቅ ነበር።

ፊሽካ ሰማሁ። ሁለቱን እየጎተትኩ፣ አንዴ በጉልበቴ ወድቄ፣ እየተነሳሁ ወጣሁ። በጠቅላላው ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው። ከተሳፋሪ መኪና ከፍ ካለው ወንበሯ ላይ ወርዳ የሮጠችው የዋና ጠባቂ ወጣት ልጅ ነበረች፤ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፣ አልተቆጣችም። አሸዋው ላይ ተንበርክካ በጣቷ ሥዕል ሣለችልን።

ሞገዱ የሚያመጣው ውሃ ሁሉ ተመልሶ መሄድ አለበት፤ ከውሃው ሥር አሸዋው ላይ ባለ ሸለቆ ተሰብስቦ እንደ ወንዝ ወደ ባሕሩ ይወጣል። ሪፕ ከረንት የሚሉት እሱ ነው። የሚወጣበት ቦታ ጥልቅ ስለሆነ ሞገድ አይሰበርበትም። ሞገድ ስለማይሰበርበትም የተረጋጋ ይመስላል። ስለዚህ ዋና የማይችል ሰው፣ በተለይ ልጅ የያዘ ወላጅ፣ እግሩ በቀጥታ ወደዚያ ይወስደዋል። ከወሰደህ፣ አለች፣ ወደ ዳር ለመመለስ አትታገለው፤ ጎበዝ ዋናተኛም አያሸንፈውም። ወደ ታች አይስብህም፣ ወደ ውጭ ነው የሚወስድህ። ተንሳፈፍ፣ እጅህን አንሳ፣ ዳርቻውን ይዘህ ወደ ጎን ዋኝ፤ ከጅረቱ ስትወጣ ያኔ ወደ ዳር ተመለስ።

እናቴ በስልክ ያለችኝን ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ መሐንዲስ አይገኝም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። እኔ ደግሞ ውሃ ሰውን በማታለል ይመሰላል ብዬ፣ የጠባይ ምሳሌ ነው ብዬ ነበር የተረዳሁት። ምሳሌ አልነበረም። መልካ ላይ ቆሞ ወንዝ ለመሻገር ቦታ ሲመርጥ የኖረ ሰው ያየውን ነው የተናገረው፤ የሚጮኸው ጥልቀት የሌለው ነው፣ ዝም ያለው ነው ጥልቁ፣ ፈገግ ያለልህ እሱ ነው። እኔ ይህንን ከቆሪጥ ጋር ጠቅልዬ ጣልኩት። አንድ የጎደለው ነገር ቢኖር መውጫውን አይናገርም፤ በደጋ ወንዝ ሙላት የተወሰደ ሰው እንዴት እንደወጣ ሊያወራ አይመለስም መሰለኝ።

ለእናቴ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። ብሎጌን የምታነብላት እህቴ ከ«አሁን ወደ ውሃው» ጀምራ እስከዚህ ድረስ እንድትዘልለው አደራ እላለሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ግን ቤታችን አንድ ሥርዓት ገባ። ውሃ ውስጥ ከመግባታችን በፊት ሁላችንም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆመን ባሕሩን እናያለን። «የሚያሳስቀው ውሃ የቱ ጋ ነው?» እላለሁ። ልጆቹ ይፈልጋሉ። ትልቋ አሁን ከእኔ ቀድማ ታገኘዋለች፤ አረፋው የተቋረጠበትን፣ ቀለሙ የጠቆረውን፣ አሸዋ ይዞ ወደ ውጭ የሚሄደውን። ሪፕ ከረንት የሚለውን ቃል ታውቀዋለች፣ ግን አትጠራውም። ለጓደኛዋ በእንግሊዝኛ ስታስረዳ እንኳን «የሚያሳስቀው» የምትለው በአማርኛ ነው። የዋና ጠባቂ በሌለበት ቦታና ሰዓት ደግሞ ከቁርጭምጭሚት በላይ የለም፤ ይህ ውይይት የለውም።

ወደ ድንኳኑ ልመለስ። ካስማ የሚለውን ቃል ቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ካልሆነ በአፌ ብዬው አላውቅም ነበር። ከድንኳኑ ጋር አብሮ የመጣው ካስማ የሽቦ ያህል ቀጭን ነው። አሸዋ ውስጥ ስትተክለው ይገባል፤ ስትለቀው ከገንፎ ውስጥ ማንኪያ እንደሚወጣ ይወጣል። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ድንኳኑን እንደ ጃንጥላ ገልብጦ ጎረቤት ላይ ጣለው። ጎረቤታችን በዕድሜ የገፋ አሜሪካዊ ነው፤ ድንኳኑን አቅፎ ይዞልን መጣ። ለአሸዋ የሚሆን ካስማ ክንድ የሚያክል ረጅም መሆን አለበት አለን፤ ከሌለህ ደግሞ ከረጢት በአሸዋ ሙላ፣ አውታሩን እሱ ላይ እሰር፣ ጉድጓድ ቆፍረህ ቅበረው። መኪናው ኋላ ውስጥ ባዶ የጤፍ ከረጢቶች ነበሩ፤ ከእንጀራ ጋጋሪዋ ቤት የምመልሳቸው። አራቱን ሞላን፣ ቀበርን፣ ድንኳኑ ቆመ። ሌሊቱን ሙሉ ነፋሱ ሸራውን ሲደበድበው አውታሩ ንቅንቅ አላለም። የጤፍ ከረጢት እንዲህ ያለ አገልግሎት እንዳለው ማን ያውቃል?

ስለ ስንቁ ብዙ አልልም። አሸዋ ያልገባበት ምግብ አልበላንም። እንጀራው በነፋሱ ከጥቅልሉ ሳይወጣ ደረቀ፣ ጥብሱን እሳቱ ሳይሆን ጭሱ አበሰለው። ያዳነን በሶ ነው። ትንሽ ውሃ፣ ትንሽ ጨው፣ በጠርሙስ ነቅንቆ መጠጣት፤ የዘማች ስንቅ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጆቹ ስኳር ጨምረውበት ጠጡት። ባለቤቴ ጀበናዋን ይዛ መጥታ ነበር። የጋዝ ምድጃውን በመኪናው በርና በሁለት ሻንጣ ከልላ፣ አንድ ሰዓት ከነፋስ ጋር ታግላ፣ ቡና አፈላች። እስከ ሦስተኛው ድረስ። ካስማ ያስተማረን ሽማግሌ በረካውን ጠጥቶ «ይህን ሁልጊዜ ታደርጋላችሁ?» አለ።

ሌሊቱ ግን የትንኝ ነበር። አሳቲግ ላይ ትንኝን የሚወስነው የነፋሱ አቅጣጫ ነው። ነፋሱ ከባሕሩ ሲነፍስ አንዲት አታይም፤ ወደ ምዕራብ ዞሮ ከረግረጉ በኩል ሲነፍስ ደመና ሆኖ ይመጣል። የረግረጉ ትንኝ እንቁላሉን የሚጥለው እርጥብ ጭቃ ላይ ነው፤ ሙላት ወይም ዝናብ ሲደርስበት ሁሉም ባንድ ጊዜ ይፈለፈላል። እኛ ከዝናብ ሳምንት በኋላ ነበር የሄድነው። ራት በልተን ሳንጨርስ ነፋሱ ዞረ። የድንኳኑን ዚፕ ስንዘጋ ሠላሳ ያህሉ አብረውን ገቡ፤ በባትሪ እያሳደድን፣ በጫማ እየመታን፣ ሸራው በገዛ ደማችን ተነቆጠ። ትንሹ እጁን አጨብጭቦ ለገደለው ሁሉ ቁጥር ይጠራ ነበር፤ አሥራ አንድ ላይ ተኛ።

ትልቋ አልተኛችም። ትንኙ ሲቀንስ ባትሪ ይዘን ወደ ውሃው ዳር ወጣን። በእንግሊዝኛ የሙት መንፈስ ብለው የሚጠሩት ሸርጣን አለ፤ አሸዋ የመሰለ ነጣ ያለ፣ ዓይኖቹ እንጨት ላይ የተሰኩ የሚመስሉ፣ ቀን ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ሌሊት የሚወጣ። መብራት ሲያርፍበት ድርቅ ይላል፤ ከዚያ ወደ ጎኑ ይፈተለካል፣ ዓይንህ አይከተለውም። ሳንባ የለውም፣ የሚተነፍሰው እንደ ዓሣ ነው፤ ስለዚህ እየመጣ መተንፈሻውን በባሕር ውሃ ማርጠብ አለበት። ልጄ አንዱን ለግማሽ ሰዓት ተከታተለችው። ከዚያ ባትሪውን አጠፋችና ቀና አለች። በሲልቨር ስፕሪንግ ሰማይ ላይ የማይታየው ሁሉ እዚያ ይታያል። «ይሄ ሁሉ ቤትም አለ?» አለችኝ። አለ፣ መብራቱ ነው የሚሸፍነው አልኳት። ለትንሽ ጊዜ እጄን ይዛ ቆመች፤ ዘጠኝ ዓመት ከሆናት ወዲህ በሰው ፊት አትይዘኝም።

ባለቤቴስ? ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተኛች። ትንኝ፣ ነፋስ፣ የሞገድ ጩኸት፣ ምንም። ጠዋት ነቅታ «ለዓመታት ስፈልገው የነበረ ድምፅ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ቀን የምትተኛው የባሕር ድምፅ በስልኳ ከፍታ ነው። የድንኳኑን ነገር እንደተቃወመች ዛሬ ብታስታውሷት ትክዳለች።

ፈረሱ የመጣው በሁለተኛው ቀን ጠዋት ነው። ለምግብና ለጥላ ብለን ከመኝታው ድንኳን ጎን ባለ መረብ ድንኳን ተክለን ነበር። ምግብ መኪና ውስጥ መቆለፍ እንዳለበት መግቢያው ላይ በወረቀት ተነግሮናል፤ እኔ ግን ድፎ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ በፎጣ ሸፍኜ፣ ሁላችንም ፀሐይ ከባሕር ስትወጣ ለማየት ወረድን። ስንመለስ ቡናማና ነጭ ቀለም ያለው ፈረስ መረቡን በደረቱ ቀዶ፣ አንገቱን አስገብቶ፣ የባለቤቴን ድፎ ይበላል። አይቸኩልም። ቀና ብሎ አየንና ወደ ዳቦው ተመለሰ።

«ድንኳን ሰባሪ!» አለች ባለቤቴ ራሷን ይዛ።

ልጆቹ ቃሉን አያውቁትም ነበር። ሳይጠራ ሰርግ ገብቶ የሚበላ ሰው እንዲህ እንደሚባል ስንነግራቸው ትንሹ አሸዋው ላይ ተንከባለለ። ሁላችንም በሳቅ ሞትን። የሣቅነው ግን የፓርኩ ጠባቂ እስኪመጣ ድረስ ነው። ከፈረስ 40 ጫማ፣ የአንድ ትልቅ አውቶቡስ ርዝመት ያህል፣ መራቅ ግዴታ ነው፤ ይነክሳሉ፣ ይራገጣሉ። ከዚህ የባሰው ግን፣ አለን፣ የሰው ምግብ የለመደ ፈረስ ከመንገድና ከመኪና አይርቅም፣ መጨረሻው መገጨት ነው። ዳቦውን እናንተ ረሳችሁት፣ ዋጋውን እሱ ይከፍላል። ልጆቹ ፊት ነው የተናገረው። ቅጣት ቢጽፍብኝ ይቀለኝ ነበር።

ስለ ፈረሶቹ ከዚያ በኋላ ብዙ አነበብን። ሆዳቸው ተነፍቶ ሁሉም እርጉዝ ይመስላሉ፤ የረግረጉን ጨዋማ ሣር ስለሚበሉ ውሃ አብዝተው ስለሚጠጡ ነው። እንዴት እዚያ እንደደረሱ ሁለት ወሬ አለ። አንዱ የስፔን መርከብ ሰጥሞ ዋኝተው ወጡ ይላል። ሌላው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የዋናው ምድር ገበሬዎች ግብር ለመሸሽ ደሴቱ ላይ የለቀቋቸው ናቸው ይላል፤ እኔ የሰውን ጠባይ ስለማውቅ ለዚህኛው አደላለሁ። ነገር ግን በ2022 የታተመ የዘር ጥናት፣ ሄይቲ ውስጥ የተገኘ የድሮ የስፔኖች ፈረስ ጥርስ ከእነዚህ ዘር ጋር እንደሚቀራረብ ስላሳየ ክርክሩ አላለቀም። በሁለቱ ግዛቶች ድንበር ላይ አጥር አለ። በቨርጂኒያ በኩል ያሉት የሺንኮቲግ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች ንብረት ናቸው፤ በየዓመቱ በጁላይ መጨረሻ ወሽመጡን አዋኝተው ግልገሎቹን በጨረታ ይሸጣሉ። በሜሪላንድ በኩል አይሸጡም፤ ቁጥራቸው እንዳይበዛ ከ1994 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት እንስቶቹ የወሊድ መከላከያ መርፌ በጠመንጃ ከሩቅ ይወጉ ነበር። ይህን ለእናቴ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ «ጉድ ነው» አለች። ስለ ድንኳኑ መጠየቅ ያቆመችው ያን ቀን ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሄደናል፤ ጁላይ ግን አንሄድም። መስከረም መጨረሻ ውሃው ገና ሙቀቱን አልለቀቀም፣ ትንኙ ቀንሷል፣ ሰው የለም። ዝናብ ከነበረ ወይም ነፋሱ ከምዕራብ ከሆነ ጉዞውን እንተዋለን፤ ለልጅ ቃል ገብቶ ማፍረስ ከባድ ነው፣ ያቺ የትንኝ ሌሊት ግን ትከብዳለች። ልጆች ጉድጓድ ሲቆፍሩ ከትንሹ ጉልበት በላይ እንዲጠልቅ አልፈቅድም፤ አሸዋ ይናዳል፣ ሰው ላይ ከተናደ ደግሞ በእጅ ቆፍሮ ማውጣት አይቻልም። ሲጨርሱም ይደፍኑታል፣ በጨለማ የሚሄድ ሰው እግሩን እንዳይሰብር። ሣር የበቀለበት የአሸዋ ክምር ላይ አይወጣም፤ ደሴቱን ይዞት ያለው የዚያ ሣር ሥር ነው። ይህን ትንሹ በደንብ ይዞታል። ደሴቱ እንዳይሄድ።

እና ያን የመጀመሪያውን ጊዜ ስንመለስ ድንኳኑ ጨውና እርጥበት ጠጥቶ ስለነበር እንዲደርቅ ከአፓርታማችን በታች ያለው ሣር ላይ ተከልኩት። ልጆቹ ወዲያው ገቡበት። እሑድ ነው፣ ሰው ከቅዳሴ የሚመለስበት ሰዓት። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ እናት አሉ፤ ልጃቸው ጋ ሊጠይቁ መጥተው የቀሩ። ነጠላቸውን እንዳጣፉ መንገዱ ላይ ቆሙ። ድንኳኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ።

«ምነው ልጄ፣ በደህና? ከአገር ቤት መርዶ መጣ እንዴ?»

«ኧረ የለም እማማ! ከባሕር መጥተን እያደረቅን ነው።»

«እሰይ። እኔማ ክው አልኩ።» ፊታቸው ተመለሰ። ጠጋ ብለው ሸራውን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ጨውን አሹት። ከውስጥ ትንሹ ዚፑን ከፍቶ «እማማ ግቡ፣ ቦታ ይበቃል» አለ።

እንቢ ይላሉ ብዬ ነበር። ጫማቸውን አወለቁ፣ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ፣ ከልጆቹ መሐል እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ከነጠላቸው ውስጥ ከቅዳሴ የያዙትን ዳቦ አውጥተው ለሁለት ቆረሱላቸው።

«ፈረስ እንዳያየው» አለ ትንሹ፣ ዚፑን እየዘጋ።